የቀጨሞ ጡሩምባ

በቀጨሞ ከተማ ሰው ጠዋት ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት መዳፉን በሩ አጠገብ ካለው መዳሰሻ ላይ ያሳርፋል። መዳሰሻው የልብ ምቱን ይለካና አንዲት ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ «ዛሬ ስለ ጣቢያው ምን ይሰማዎታል?» መልሶቹ ሦስት ናቸው፤ «ደኅና»፣ «በጣም ደኅና» እና «ምክር እፈልጋለሁ»። ሦስተኛውን የነካ ሰው ቤት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሁለት አማካሪዎች ብስኩት ይዘው ይመጣሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ስለ ጣቢያው አስተማማኝነት ያጫውቱታል፤ ሲወጡም «ደኅና»ን አስነክተውት ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ሥራ ያለው ሰው ሦስተኛውን አይነካም።

እኔ ኤልዳና እባላለሁ። ይህ ሁሉ በሆነበት በ2068 ዓ.ም. የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ የአንዲት ልጅ እናት፣ በሕዝብ መተማመን ጽሕፈት ቤት የቀጨሞ ቅርንጫፍ መዝጋቢ ነበርኩ። ሥራዬ መዳሰሻቸው የተበላሸባቸውን፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸውን ሽማግሌዎችና አንነካም ያሉ እልኸኞችን ቤት ለቤት እየዞርኩ መልሳቸውን መቀበል ነው። ውሃ አረንጓዴ ጃኬት እለብሳለሁ። ቀለሙን የመረጠው ጥናት ነው፤ ሰው ያንን ቀለም ሲያይ ልቡ ይረጋል ተብሎ። በእኛ መሥሪያ ቤት ጥናት ያልመረጠው ነገር አልነበረም።

ይህን የሚያነብ ሰው የኑክሌር ጠላት አድርጎ እንዲወስደኝ አልፈልግም። ከከተማው በስተምሥራቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ ሁለት የኑክሌር ማብላያዎች አሉ። አባቴ ኮንክሪቱን ካፈሰሱት ሠራተኞች አንዱ ነበር፤ እስኪሞት ድረስም በዚያ ይኮራ ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ መብራት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩት መሐንዲሶች እንቅልፍ የሌላቸው ጎበዞች ናቸው። የእኔ ቁጣ ከማብላያው ጋር አይደለም። ቁጣዬ ስለ ማብላያው ምን እንደሚሰማኝ በየቀኑ ሲጠይቁኝ ኖረው፣ ስለ ማብላያው ግን አንድም ነገር ካልነገሩኝ ሰዎች ጋር ነው። ለዓመታት ከእነዚያ ሰዎች አንዷ ነበርኩ፤ እሱም ያናድደኛል።

አደባባዩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። ልጅ ሳለሁ በአየሩ ውስጥ ያለውን የጨረራ መጠን ያሳይ ነበር። ቁጥሩ ሁልጊዜ ትንሽ ስለነበር ማንም ልብ አይለውም፤ እኛ ልጆች ግን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዛሬ ስንት ይሆናል እያልን እንወራረድበት ነበር። በ2061 አንድ ጥናት ወጣ። ሰሌዳውን የሚያዩ ሰዎች ከማያዩት የበለጠ እንደሚሰጉ ተረጋገጠ። ስለዚህ መለኪያዎቹ ከየምሰሶው ተነቀሉ። ሰሌዳው አልተነሣም፤ የመተማመን መጠናችንን ማሳየት ጀመረ። «ቀጨሞ ዛሬ፦ 91» ይላል። ከዘጠና በላይ ሲሆን አረንጓዴ ይበራል፤ ከሰማንያ አምስት በታች ሲወርድ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል። «ደኅንነት ማለት ሕዝብ ደኅና ነኝ ሲል ነው» የሚል ጽሑፍ በመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። እኔም ለዓመታት ከሥሩ ተቀምጬ ምሳዬን በልቻለሁ።

አንድ የማይፈታ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ሳይረኑ። ደንቡ በጣቢያው ዙሪያ የማስጠንቀቂያ ድምፅ መኖር አለበት ስለሚል መንቀል አልተቻለም። በ2063 ልምምድ ተብሎ ሲጮህ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ራሳቸውን ሳቱ፣ ሰሌዳው ሰባ አራት ገባ፣ የቅርንጫፉ ኃላፊ ከቦታው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ የሚባል ነገር ቀረ። በእሱ ቦታ የመጡት አቶ ያፌት አንድ ቀን ጠሩኝና ሕዝቡን የማያስደነግጥ፣ የሚያምነው ድምፅ ፈልጊ አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ዞርኩ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ በዚህ ከተማ ከሚሰሙት ድምፅ ሁሉ የትኛውን ያምናሉ? ደወል ያሉ ነበሩ፣ አዛን ያሉ ነበሩ፤ መልሱን ለሁለት ተካፈሉት። ከመቶ ሰማንያ ዘጠኙ ግን በመጀመሪያም ሆነ በሁለተኛ ምርጫ የእድሩን ጡሩምባ ጠራ።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ምናሴ ናቸው። ሰው ሲሞት በየሰፈሩ እየዞሩ ይነፋሉ፣ ሰው ይወጣል፣ እሳቸው የሟቹን ስም ይናገራሉ። በየኪሱ ስልክ ባለበት ዘመን ይህ ለምን እንዳልቀረ የሚገርመው ይኖራል። ምክንያቱ ራሱ ስልኩ ነው። የሰው ድምፅና መልክ አስመስሎ መሥራት የልጅ ጨዋታ ከሆነ ወዲህ በስልክ የተለቀሰለት ስንቱ በእግሩ ሲሄድ ተገኝቷል። አንድ ባልቴት እንዳሉኝ የጋሽ ምናሴ ጡሩምባ ግን አንድም ቀን የቆመ ሰው ገድሎ አያውቅም። እኔም ይህን ሁሉ ጽፌ አዲሱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ የእድር ጡሩምባ ቢሆን ስል ሐሳብ አቀረብኩ። በስብሰባ ተጨበጨበልኝ፣ የምስጋና ወረቀትም ተሰጠኝ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እጄን ጠምዝዞ አላስጻፈኝም።

ስህተቴን ያወቅኩት ድምፁን ልንቀዳ ጋሽ ምናሴ ቤት የሄድን ዕለት ነው። ቀጂው ዕቃውን ሲዘረጋ እሳቸው ጡሩምባቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ጠየቁኝ።

«ይህን ሲሰማ ሰው ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጉት?»

ቤቱ ገብቶ፣ በርና መስኮቱን ዘግቶ፣ ውጡ እስኪባል እንዲቀመጥ አልኳቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸውና ውሃ ጠጡ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ ነገር ሰው ከቤት ሳወጣ ነው የኖርኩት። አንቺ በምን ብልሃት ነው ሰው የምታስገቢበት?»

በ1,400 ቤት ዞሬ ምን ታምናላችሁ ብዬ ስጠይቅ፣ ሲሰሙት ምን እንደሚያደርጉ አንድም ሰው አልጠየቅኩም ነበር። እኔ ራሴ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ስንት ቀብር ወጥቼ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልታሰበኝም። ጋሽ ምናሴ አልነፋም አሉ። መሥሪያ ቤቱም አልለመናቸውም፤ ድምፃቸውን ከድሮ የቀብር ቪዲዮዎች ለቅሞ ሠራው። በሠላሳ ስድስት ምሰሶዎች ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ።

በማግሥቱ አቶ ያፌት ዘንድ ገባሁ። አቶ ያፌት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቁጭ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ድምፁ አዲስ አበባ ውስጥ በሦስት መቶ ሰዎች ላይ መሞከሩን ነገሩኝ። ሰዎቹ በአዳራሽ ተቀምጠው በጆሮ ማዳመጫ ሰምተውታል፤ አስፈራችሁ ወይ ተብለው ከመቶ ዘጠና ስድስቱ አላስፈራንም ብለዋል። ሲሰሙት ምን እንደሚያደርጉ የጠየቃቸው አለ ወይ አልኳቸው።

«እንደዚያ ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስፈራል» አሉኝ፤ አነጋገራቸው አንድ የታወቀ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነበር።

ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መልስ አላገኘም። ሁለተኛው «የሠራተኛ ስጋት» ተብሎ ተመዘገበና ከከተማው የመተማመን መጠን ላይ ተቀነሰ። ሦስተኛውን ባስገባሁ በሁለተኛው ቀን ሁለት አማካሪዎች ብስኩት ይዘው ቤቴ መጡ። ሁለቱም አብረውኝ የሚሠሩ ናቸው፤ ዓይኔን ማየት አፍረው ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ስለ ጣቢያው አስተማማኝነት ነገሩኝ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ትርንጎ ብስኩቱን በላችው። እኔም «ደኅና»ን ነካሁ።

መዝጋቢ ስለ አደጋ ከነዋሪ ጋር መነጋገር የተከለከለ ነው። ስለ አደጋ ማውራት አደጋ አለ ማስባል ነው ይላል መመሪያው። ጡሩምባው ከምሰሶ ከተሰማ ቤት ግቡ የሚል አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልተበተነም። እኔ ለስንት ሰው ተናገርኩ? ለአንድ፤ ለልጄ። ከምሰሶው ጡሩምባ ከሰማሽ ቤት ግቢ፣ በሩን ዝጊ፣ እኔ እስክመጣ እንዳትወጪ ብዬ አስጠናኋት። ለጎረቤቴ አልነገርኩም፤ ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ማክሰኞ ሐምሌ 14 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካፊያ እየጣለ ነበር። ከቤቴ በሦስተኛው ቅያስ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ መልሳቸውን እየተቀበልኩ ሳለ ጡሩምባው ተነፋ። ከሠላሳ ስድስቱም ምሰሶ በአንድ ጊዜ፣ ረጅም፣ የሚያንቀጠቅጥ። አስተማሪው «ውይ፣ ማን ይሆን?» ብለው ጃንጥላቸውን ሊያመጡ ገቡ። እንዳይወጡ ለመንኳቸው። በአዘኔታ አዩኝና ጃንጥላውን ለእኔ ሰጡኝ።

ትቻቸው ወደ ቤቴ ሮጥኩ። እየሮጥኩ የቻልኩትን ያህል እጮህ ነበር፤ ግቡ፣ ቤታችሁ ግቡ እያልኩ። በቀጨሞ ጡሩምባ ተነፍቶ አንዲት ሴት እየጮኸች ስትሮጥ የሚያይ ሰው ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም። የሞተባት እሷ ናት ማለት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየግቢው ወጡ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ተከተሉ። ሁለት ሴቶች ብብቴ ሥር ገብተው ያዙኝ። አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ ይላሉ። እናቷ ናት? እናቷማ ድሮ ሞታለች። ታዲያ ወንድሟ ይሆናል ይባባላሉ ከኋላዬ። ልላቀቅ ስታገል ሐዘኑ የበረታብኝ መሰላቸውና አጥብቀው ያዙኝ። አየሩ፣ አየሩ አልኳቸው። አየር አጥሯት ነው አሉና ከበረንዳ ሥር አውጥተው ቤቴ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ መሃል ካፊያው ላይ አስቀመጡኝ። እነዚህን ሴቶች እወዳቸዋለሁ። አንዳቸውም ጥፋት አልሠሩም፤ ሐዘንተኛን ብቻዋን አለመተው ነው የሚያውቁት፣ ያንኑ አደረጉ።

የእድሩ ጎረምሶች በአሥራ ሁለት ደቂቃ ድንኳን ተከሉ። ከአራት ሰፈር ሰው ጎረፈ። ማንም አልተረበሸም፣ ማንም አልተገፋፋም። የእድሩ ጸሐፊ እትዬ ፌቨን ድንኳኑ አፍ ላይ ወንበራቸውን ዘርግተው መዝገባቸውን ከፈቱና በደንቡ መሠረት የመጣውን ሰው ሁሉ ስሙንና የመጣበትን ሰዓት መጻፍ ጀመሩ። ሰዉ ቆሞ የሟቹን ስም ይጠብቃል። ስሙን የሚናገር አልነበረም።

ትርንጎን ያየኋት ያኔ ነው። ጎረቤት ቤት ነበረች። በኋላ እንደነገረችኝ ጡሩምባውን ስትሰማ ያልኳትን ሁሉ አድርጋለች፤ በሩን ዘግታለች፣ መስኮቱን ዘግታለች፣ የጎረቤቷን ሕፃን ሳይቀር ይዛ አስገብታለች። ከዚያ በመስታወቱ ስታይ እናቷ ሜዳ ላይ በሰዎች ተይዛ ታለቅሳለች። ባዶ እግሯን ወጣች። ሕፃኑንም አዝላዋለች። እቅፌ ውስጥ ገብታ «እማዬ፣ ማን ሞተብን?» አለችኝ። ጃኬቴን አውልቄ ልሸፍናት ሞከርኩ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየን፤ ጣቢያው ነው፣ እንግባ ባልኩ ቁጥር ሐዘኑ ነው የሚያስለፈልፋት እያሉ አለቀቁኝም። ከዚያ ጋሽ ምናሴ ከገበያው በኩል በሚያማቸው ጉልበታቸው እያነከሱ መጡ። ሰው ሁሉ ዞረ። ጡሩምባቸውን ከነጨርቁ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«እኔ አልነፋሁም። የሞተ ሰው የለም። ጣቢያው ነው። ሁላችሁም ቤታችሁ ግቡ፣ ዝጉ።»

ሜዳው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ሆነ። አንድም ሰው አልጠየቃቸውም። ያን ጊዜ ነው የጥናቴ ነገር የገባኝ። እኔ ሰው ድምፁን የሚያምን መስሎኝ ነበር። ያመነው ሰውዬውን ነው። ሰውዬውን ትተን ድምፁን ወሰድን።

ስድስት ሰዓት ላይ መግለጫ ወጣ። ከሁለተኛው ማብላያ «ጥቂት እንፋሎት» ማምለጡን፣ ወዲያውም መቆሙን፣ አዲሱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ «ያለአንዳች ሽብር» መሥራቱን፣ ነዋሪውም «የተለመደ ማኅበራዊ ትስስሩን» ማሳየቱን ገለጸ። ሰሌዳው ዘጠና ሦስት አሳየ። በዓመቱ ከፍተኛው ነበር። ጥቂት ማለት ስንት ነው? የሚያውቅ የለም። ሜዳው ላይ መለኪያ የለም፣ ምሰሶዎቹ ላይ መለኪያ የለም። ምናልባት የወሰድነው ጨረራ አንድ ጊዜ ራጅ ከመነሣት ያነሰ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ በራሴ እስቃለሁ። ግን ማን ይንገረኝ? ምን ተሰማችሁ ብሎ የሚጠይቀን እንጂ ምን ነካችሁ ብሎ የሚለካን አጥተናል።

አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር። ከማብላያ በሚወጣ እንፋሎት ውስጥ አዮዲን ሊኖር ይችላል፤ የልጆች አንገት ውስጥ ያለች እጢ ትሰበስበዋለች። እጢዋን ንጹሕ አዮዲን በክኒን ካጠገቧት የተበከለውን አትቀበልም። ግን መፍጠን ያስፈልጋል፤ በየሰዓቱ ጥቅሙ ይቀንሳል። ክኒኑ ቀበሌው ግቢ ያለው መጋዘን ውስጥ እንዳለ የማውቀው ስንረከበው ስለፈረምኩ ነው። ትርንጎን አጥቤ፣ ልብሷን ቀይሬ፣ ቤት ዘግቼባት ወደ አቶ ያፌት ሄድኩ።

መጋዘኑ ይከፈት አልኳቸው። አልሆነም አሉ። ክኒን ከታደለ አደጋ ነበር ማለት ነው፤ አደጋ አልነበረም ተብሎ ደግሞ መግለጫ ወጥቷል። ልጆች ሜዳ ላይ ነበሩ አልኳቸው። የእርስዎም ልጆች ነበሩ፣ ከእናታቸው ጋር ቆመው አይቻቸዋለሁ አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «ለእኔ ልጆችም አልሰጠሁም። እኔ ለልጆቼ ክኒን እየሰጠሁ ሕዝቡን እመኑ ልለው አልችልም።»

ቢሰርቁና ለልጆቻቸው ቢሰጡ ኖሮ በንቀት ትቻቸው እሄድ ነበር። ይህ ግን አበገነኝ። ሰው አንድ ቁጥር እንዳይወርድ ብሎ የገዛ ልጆቹን አንገት ይሰጣል፤ ይህንንም ታማኝነት ይለዋል። ሥራዬን የለቀቅኩት እዚያው ቆሜ ነው፤ መታወቂያዬን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

የሄድኩት እትዬ ፌቨን ዘንድ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጡሩምባውን የመረጥኩት እኔ መሆኔን ጭምር። ብዙ አልተናገሩም። የተቆጡት በአንድ ነገር ነበር፤ ለምን ቀደም ብለሽ ለእድሩ አልነገርሽም አሉኝ። መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተነሡ፣ ጋሽ ምናሴን ጠሩ፣ ሌሎች ሃያ ያህል ሰዎችም ተከተሉን።

የመጋዘኑ ጥበቃ ዳግም የሚባል ልጅ እግር ሰውዬ ነው። የትእዛዝ ደብዳቤ አሳዩኝ አለ። እትዬ ፌቨን መዝገቡን ከፍተው ጣታቸውን ከአንድ መስመር ላይ አሳረፉ። 208ኛው ስም የእሱ ነበር፤ 209ኛው የሚስቱ፤ ከእሷ ቀጥሎ የሁለቱ ልጆቹ። ሜዳ የመጡበት ሰዓት ከጎኑ ተጽፏል። ዳግም አንብቦ ሲጨርስ ቁልፉን አወጣ።

ክኒኑን በመዝገቡ አደልነው፤ ልጆች መጀመሪያ፣ ነፍሰ ጡሮች ቀጥሎ። ጋሽ ምናሴ ስም እየጠሩ፣ እኔ እየቆጠርኩ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሶስና እያዋጠች። መዝገቡ ላይ ከነበሩት 611 ሰዎች 247ቱ ልጆች ነበሩ። ትርንጎ በመዝገቡ ተራ 340ኛ ነበረች። ስንጨርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሲስተር ሶስና የመጀመሪያውን ካርቶን ስትከፍት አንድ ነገር አይታ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማ ወደ እኔ ጠጋ ብላ አሳየችኝ። የክኒኑ ጊዜ ያለፈው በ2064 ነው። ከምንም ይሻላል አለች። አዲስ ያልተገዛበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ደብዳቤው በእጄ አልፏል። አዲስ ክኒን ማስገባት ለሕዝቡ የተሳሳተ መልእክት ያስተላልፋል ይላል።

ማታ ትርንጎን ሳስተኛ አንገቷን ዳሰስኩት። ትንሽ፣ ለስላሳ አንገት ነው። ምንም የለበትም። ሲስተር ሶስና እነዚያ ልጆች በሙሉ በየዓመቱ መታየት አለባቸው ብላኛለች፤ በሐኪም ለመታየት ደግሞ የዚያን ቀን ሜዳ ላይ መቆማቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከእትዬ ፌቨን መዝገብ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ማስረጃ የለም።

ይህን ያወቅነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ረቡዕ ጠዋት አቶ ያፌትና ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣች አንዲት ወጣት ሴት እድሩ ቤት መጡ። ሴትዮዋ ረጋ ያለች፣ ንግግሯ የሚጣፍጥ ናት። መዝገቡ የቀብር መዝገብ መሆኑን፣ ትናንት ግን ቀብር አለመኖሩን ገለጸች። ሟች የሌለበት የቀብር ገጽ የጽሕፈት ስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ ይታረማል አለች። ገጾቹ እንዲሰጧት ነው የመጣችው።

እትዬ ፌቨን አልተከራከሯትም። መዝገቡን ከፍተው ወደ እሷ አዞሩላት። ገጹ አናት ላይ ሦስት መስመር አለ። ከ«ቀን» ፊት ለፊት ሐምሌ 14 ተጽፏል። ከ«ሟች» ፊት ለፊት ያለው ባዶ ነው። ከ«ባለሐዘን» ፊት ለፊት፣ በእትዬ ፌቨን ትልልቅ ፊደል፣ «ኤልዳና» ይላል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቅኩም ነበር።

«ሟቹን ስላላወቅኩ ተውኩት» አሉ እትዬ ፌቨን። «ባለሐዘኗን ግን በዓይኔ አይቼ ነው የጻፍኩት።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። በክፍሉ ውስጥ ካለነው ገጹን ማፍረስ የምችል እኔ ብቻ መሆኔን ወዲያው ተረድታለች። እኔ አልሞተብኝም ካልኩ ባለሐዘን የለም፤ ባለሐዘን ከሌለ ቀብር የለም፤ ቀብር ከሌለ 611 ሰው ከቤቱ አልወጣም። ዋሽቼ ሞቶብኛል ካልኩም የሟቹን ስም ትጠይቀኛለች። አቶ ያፌት መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ የሞተብዎ ሰው አለ?»

«እስካሁን የለም» አልኳት። «ስሜ ግን እንዳለ ይቆይ።»

እትዬ ፌቨን እስክሪብቷቸውን ከደኑ፣ መዝገቡን ዘጉና ታቅፈውት ተቀመጡ።